«ባክአፕ» የሚለውን ስም ከማመን በፊት፦ የኢኤክስኢ ፋይልን ማጣሪያ መንገድ

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀርን ይከፍታሉ፤ ስሙ ውስጥ «ባክአፕ» (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) የሚል ያለበት፣ መቼ እንደተጫነ የማያስታውሱት ፕሮግራም ሃርድ ዲስኩን ሲያስጨንቅ ያገኙታል። ወይም አንቲቫይረሱ ለዓመታት የተጠቀሙበትን የባክአፕ ፕሮግራም ድንገት «ቫይረስ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ በነጥብ ኢኤክስኢ የሚያበቃ የፕሮግራም ፋይል እውነተኛው ነው ወይስ ስሙን የተዋሰ ሌላ?

የባክአፕ ፕሮግራም ከሌላው ይልቅ ለማጣራት ያስቸግራል፤ ሥራው ራሱ ያጠራጥራልና። ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ በ«ሲስተም»፣ ማለትም በዊንዶውስ በራሱ ሥልጣን ይሠራል፣ ፋይሎችዎን በሙሉ ያነባል፣ ይጨምቃል፣ አንዳንዴም ይመሰጥራል፣ ከዚያ በኔትወርክ ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌርም የሚያደርገው ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ዲስክ ይበላል»፣ «ኢንተርኔት ይጠቀማል» የሚሉት ምልክቶች ለብቻቸው ብዙም አይረዱም። ስሙም ዋጋ የለውም፤ ለአንድ ፋይል የፈለጉትን ስም መስጠት የሰከንድ ሥራ ነው። መታየት ያለባቸው ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታ፣ የፈረመው ድርጅት፣ የመጣበት መንገድና የሚያስነሣው ነገር ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ፋይሉ የት ነው ያለው?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ዲቴይልስ» የሚለውን ገጽ ይምረጡ፤ የፋይሉ ትክክለኛ ስም የሚታየው እዚያ ነው። ከዓምዶቹ ርዕስ በአንዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ሴሌክት ኮለምስ» ውስጥ «ኢሜጅ ፓዝ ኔም» እና «ኮማንድ ላይን» የሚሉትን ይምረጡ። የመጀመሪያው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፋይሉ በምን ትዕዛዝ እንደተነሣ ያሳያል። አሁን በስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ቢሉ ፎልደሩ ይከፈታል።

በአግባቡ የተጫነ የባክአፕ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል። እዚያ ለመጻፍ የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቦታው ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው። «አፕዳታ»፣ «ቴምፕ»፣ «ዳውንሎድስ» እና «ፐብሊክ» ውስጥ ግን ማንኛውም ፕሮግራም ፈቃድ ሳይጠይቅ መጻፍ ይችላል። ቫይረስ ጸሐፊዎችም የሚመርጡት እነዚህኑ ነው። ይህ ማለት አፕዳታ ውስጥ ያለ ሁሉ ቫይረስ ነው ማለት አይደለም፤ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነው የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ መኖሪያው አፕዳታ ውስጥ «ሎካል» የሚባለው ፎልደር ነው። በ«ቴምፕ» ውስጥ ተቀምጦ በየቀኑ የሚነሣ የባክአፕ ፕሮግራም ግን ሰበብ የለውም።

የዊንዶውስ የራሱ የባክአፕ ፋይሎች ቋሚ አድራሻ አላቸው። ብሎክ ሌቭል ባክአፕ ኢንጂን የሚባለው ሰርቪስ (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ፋይል ዳብሊውቢኢንጂን፣ የሻዶው ኮፒው (ዊንዶውስ የፋይሎችን የቀድሞ ይዞታ የሚያስቀምጥበት ቅጂ) ቪኤስኤስቪሲ፣ እንዲሁም የድሮውን የዊንዶውስ 7 ባክአፕ መስኮት የሚከፍተው ኤስዲሲኤልቲ ሁሉም የሚነሡት «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ካለው «ሲስተም32» ነው። «ዊንኤስኤክስኤስ» በሚባለው ፎልደር ቅጂያቸውን ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ዊንዶውስ ራሱ ያስቀመጠው ነው። በተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲሠራ ካገኙ ግን የውሸት ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የስሙንም ፊደላት አንድ በአንድ ይዩ፤ ኦ በዜሮ፣ ኤል በቁጥር 1 የተተካበት ወይም አንድ ኤስ የተጨመረበት ስም በሩጫ ሲያዩት እውነተኛውን ይመስላል።

ፍላሽ ላይ ላገኙት ፋይል አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ዊንዶውስ የፋይልን ቅጥያ ስለሚደብቅ «ባክአፕ ነጥብ ዚፕ ነጥብ ኢኤክስኢ» የሚባል ፋይል «ባክአፕ ነጥብ ዚፕ» ሆኖ ይታያል። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው»፣ ቀጥሎ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብሩ። የፎልደር ምስል ለብሶ፣ በ«ታይፕ» ዓምድ ግን «አፕሊኬሽን» የሚል ካዩ ፎልደር አይደለም። አይክፈቱት።

ዲጂታል ፊርማው

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ፣ ፋይሉን ማን እንዳወጣው የሚያረጋግጠው ኤሌክትሮኒክ ማኅተም ነው። በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ከዝርዝሩ ፊርማውን መርጠው «ዲቴይልስ» ሲጫኑ ዊንዶውስ ፊርማውን መርምሮ ፍርዱን ከላይ ይጽፋል። «ኦኬ» ካለ ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ አንድ ባይት እንኳ አልተነካም ማለት ነው። «ዲድ ኖት ቬሪፋይ» ካለ ደግሞ ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ ተለውጧል፤ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ክራክ ተደርጓል (ላይሰንስ እንዳይጠይቅ ተቀይሯል)፣ ወይ ቫይረስ ተጣብቆበታል። በየትኛውም ምክንያት ይሁን አይሠራበትም።

ገጹ ጨርሶ ከሌለ ፋይሉ በውስጡ ፊርማ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ብዙዎቹ ይህ ገጽ የላቸውም። ፊርማቸው ያለው በፋይሉ ውስጥ ሳይሆን ካታሎግ በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ይህን ለማጣራት ፓወርሼልን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተው «ጌት-ኦተንቲኮድሲግኔቸር» (Get-AuthenticodeSignature) የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ አንድ ክፍተት ትተው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስከትሉ። ካታሎጉንም ጭምር ፈትሾ መልስ ይሰጣል፤ «ቫሊድ» ከሆነ ደህና፣ «ሃሽ ሚስማች» ከሆነ ተነካክቷል፣ «ኖት ሳይንድ» ከሆነ ፊርማ የለውም። የማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ስብስብ አካል የሆነው ሲግቼክም ይህንኑ ይሠራል።

ፊርማው ትክክል መሆኑን ካዩ በኋላ የፈራሚውን ስም ያንብቡ። የፈራሚው ስምና የፕሮግራሙ ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ የሚፈረመው በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ነውና። ማክሪየም ሪፍሌክትን የሚሠራውና የሚፈርመው ፓራማውንት ሶፍትዌር ዩኬ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። የኢዝአስ ቶዱ ባክአፕ ፊርማ ላይ የሚያገኙት ደግሞ ቼንግዱ ዪዎ ቴክ የሚለውን የቻይና ኩባንያ ስም ነው። ስለዚህ ስሙ እንግዳ ስለሆነብዎ ብቻ አይፍረዱ፤ በፕሮግራሙ የላይሰንስ ስምምነት ላይ ከተጻፈው የኩባንያ ስም ጋር ያስተያዩት። በዚያው ፎልደር ያሉትን ሌሎች የኢኤክስኢ ፋይሎችም ይክፈቱ፤ የፕሮግራሙ የራሱ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ፈራሚያቸው አንድ ነው። አሥሩ በአንድ ኩባንያ ተፈርመው አንዱ ብቻ ያለ ፊርማ ከተገኘ፣ የሚመረመረው ያ አንዱ ነው።

እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሌላ «ዲቴይልስ» የሚል ገጽ አለ፤ የኩባንያ ስም፣ የቅጂ መብትና የስሪት ቁጥር የሚታይበት። ይህን እንደ ማስረጃ አይውሰዱት። ፋይሉን የሠራው ሰው የጻፈውን እንዳለ የሚያሳይ ነው፤ «ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን» ብሎ ለመጻፍ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። የፕሮግራሙ ምስልም እንደዚሁ ነው።

ድርጅቱ የፈረመበት ሰርተፍኬት ቀኑ ያለፈበት ቢሆንስ? ፊርማው ላይ «ታይምስታምፕ» (የተፈረመበት ጊዜ ማኅተም) ካለ ችግር የለውም፤ ሲፈረም ሰርተፍኬቱ በሥራ ላይ እንደነበር ያረጋግጣል። የድሮ ስሪቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

ፊርማ የሌለው ሁሉ ደግሞ ወንጀለኛ አይደለም። የፊርማ ሰርተፍኬት በየዓመቱ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ወጪ ስላለው፣ በፈቃደኞች የሚሠሩ፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ አነስተኛ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ሳይፈረሙ ይወጣሉ። «ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ዩር ፒሲ» የሚለው ሰማያዊ መስኮት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእነዚህ ላይ ነው። ለእነሱ መፍትሔው ቀጥሎ ያለው የሃሽ ማመሳከር ነው። የትልቅ ኩባንያ የሚከፈልበት የባክአፕ ፕሮግራም ሳይፈረም ከመጣ ግን ከኩባንያው አልመጣም።

ፊርማ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮምፒውተር ማጽጃው የሲክሊነር 5.33 ስሪት ከኩባንያው ከራሱ ሰርቨር፣ በትክክለኛ ፊርማ፣ ከነሰርጎ ገቦቹ ኮድ ለአንድ ወር ያህል ሲወርድ ቆይቷል፤ ኩባንያው ራሱ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች እንደነኩት ገምቶ ነበር። ሌላው ስልት ደግሞ እውነተኛውን የተፈረመ ፋይል ወስዶ በሌላ ፎልደር ከአንድ የውሸት ዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራም ሲነሣ የሚጭነው ረዳት ፋይል) ጋር ማስቀመጥ ነው። እውነተኛው ፕሮግራም ሲነሣ ዲኤልኤሉን አጠገቡ ስላገኘው ጭኖ ያሠራዋል። ፊርማው ኦኬ ሆኖ ቦታው እንግዳ ከሆነ ማለፍ የሌለበት ለዚህ ነው።

ሃሽ ማመሳከር

ሃሽ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር ቁጥር ነው፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ቁጥሩ በሙሉ ይለወጣል። ዛሬ የሚሠራበት ሻ-256 ሲሆን 64 ፊደልና ቁጥር ይኖረዋል። 7-ዚፕ ካለዎት በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ሲአርሲ ሻ» ከሚለው ሥር ያገኙታል፤ በዊንዶውስ 11 መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ማለት ሊያስፈልግ ይችላል። በፓወርሼል ደግሞ «ጌት-ፋይልሃሽ» (Get-FileHash) የሚለው ትዕዛዝ ሌላ ካልነገሩት የሚሰጠው ሻ-256ን ነው። ያገኙትን ፕሮግራሙ ከወጣበት ገጽ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ፊደሎቹ ትልቅ ወይም ትንሽ መሆናቸው ለውጥ አያመጣም።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ገጹ ላይ የተለጠፈው ሃሽ የሚያገለግለው ላወረዱት የመጫኛ ፋይል እንጂ ተጭኖ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ለገባው ኢኤክስኢ አይደለም። ሁለቱ መቼም አይገጥሙም። መጫኛውን ካጠፉት ያንኑ ስሪት እንደገና ማውረድ ግድ ነው። የ32 ቢትና የ64 ቢት መጫኛ ሃሽ የተለያየ መሆኑንም አይርሱ።

ሃሹ ካልገጠመ ወዲያው «ተጠልፌያለሁ» አይበሉ። በመጀመሪያ የፋይሉን መጠን በባይት ያስተያዩ። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ እንደገና ያውርዱት። መጠኑ ሙሉ ሆኖ ሃሹ ከተለየ ነው የሚያሳስበው። ከዚህ በላይ ደግሞ ፋይሉና ሃሹ በአንድ ገጽ ላይ ካሉ፣ ገጹን የሰበረ ሰው ሁለቱንም ሊለውጥ ይችላል፤ ፕሮጀክቱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ላይም ካለ ከዚያ ጋር ያስተያዩ። 32 ፊደል ያለው የድሮው የሃሽ ዓይነት ኤምዲ5 ለጎዶሎ ዳውንሎድ መለያ ይበቃል፤ ለደኅንነት ግን አይሆንም፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን አንድ ዓይነት ኤምዲ5 እንዲኖራቸው አድርጎ መሥራት ከተቻለ ቆይቷል። ባለ 40 ፊደሉ ሻ-1ም እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ መንገድ ተሰብሯል።

ቫይረስቶታልን ማንበብ

ቫይረስቶታል የጉግል ንብረት የሆነ፣ አንድን ፋይል ወደ 70 በሚጠጉ አንቲቫይረሶች የሚያስፈትሽ ነፃ ገጽ ነው። ፋይሉን ከመስቀልዎ በፊት ሻ-256ቱን በመፈለጊያው ሳጥን ይለጥፉ። ታዋቂ ፕሮግራም ከሆነ ሌላ ሰው ቀድሞ አስፈትሾታል፤ ዳታም ይቆጥባሉ። ካልተገኘ እስከ 650 ሜጋባይት መስቀል ይቻላል። የሚሰቀለው የፕሮግራሙ ፋይል ብቻ ይሁን፤ የባክአፑን ውጤት ወይም የይለፍ ቃል ያለበትን የሴቲንግ ፋይል በፍጹም አይስቀሉ፤ እዚያ የገባ ፋይል ለደኅንነት ኩባንያዎችና ተመራማሪዎች ይደርሳል።

ከ70 አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ቀይ ቢያሳዩ፣ ስሙም «ጄኔሪክ» ወይም «ሂዩሪስቲክ» (ማለትም በጠባዩ ብቻ የተጠረጠረ) የሚል ከሆነ፣ ፊርማውም ትክክል ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ጥርጣሬ ነው። ቀደም ብሎ እንደተባለው የባክአፕ ፕሮግራም ጠባይ ራሱ ያስጠረጥራል። «ፒዩኤ» ወይም «አድዌር» የሚል ከበዛ መጫኛው ማስታወቂያና ያልተጠየቀ ፕሮግራም ያጨቀ ነው፤ ከሌላ የማውረጃ ገጽ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዋናው ያውርዱ። በርከት ያሉ የታወቁ አንቲቫይረሶች በአንድ ዓይነት የቫይረስ ስም ከተስማሙ ግን ክርክር የለውም። ዜሮ ሲያሳይም «ዲቴይልስ» ውስጥ «ፈርስት ሰብሚሽን» የሚለውን ቀን ይዩ። ከዓመት በፊት ታይቶ እስከ ዛሬ ዜሮ የሆነና ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ፋይል እኩል አይደሉም።

ክራክ የተደረገ ባክአፕ

ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ የባክአፕ ፕሮግራም በቴሌግራም ቻናልና በፍላሽ፣ ክራክ ተደርጎ ነው የሚዞረው። ላይሰንስ የሚጠይቀውን ክፍል ለመዝለል የፕሮግራሙ ፋይል ከተቀየረ ፊርማው የግድ ይሰበራል። ታዲያ ለላይሰንስ ሲባል የተቀየረውን ባይትና ለስርቆት የተቀየረውን ባይት በምን ይለዩታል? አንቲቫይረሱም ቢጮህ አብሮ የመጣው መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጥፉ» ስለሚል ማስጠንቀቂያው ዋጋ ያጣል። ፎቶ ማረሚያ ፕሮግራምን ክራክ ማድረግና ሁሉንም ፋይልዎን በሲስተም ሥልጣን የሚያነብ ፕሮግራምን ክራክ ማድረግ አንድ አይደለም።

አማራጭ አለ። የዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪና ሮቦኮፒ ምንም አያስከፍሉም፤ ዱፕሊካቲ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ቪም ኤጀንትም ነፃ ስሪት አለው። በየፍላሹ የሚዞረው ነፃው ማክሪየም ሪፍሌክት ግን ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አያገኝም፤ እውነተኛውም ቢሆን ዛሬ እንደ አዲስ ሊጫን አይገባም። ሲያወርዱም በጉግል ውጤት አናት ላይ ያለውን ማስታወቂያ አይጫኑ፤ የታወቁ ፕሮግራሞችን ገጽ አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎች ማስታወቂያ ገዝተው ከላይ ይቀመጣሉ። አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ።

ያልጫኑትን መጫኛ መሞከር ካስፈለገ ዊንዶውስ ፕሮ ላይ «ዊንዶውስ ሳንድቦክስ» የሚባል፣ ከኮምፒውተሩ የተለየ መሞከሪያ አለ፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በሆም ስሪት ላይ የለም። ቀናት አድፍጦ የሚነሣ ቫይረስ ስላለ እዚያ ጸጥ ማለቱን እንደ ምስክር ወረቀት አይቁጠሩት።

ማን ነው የሚያስነሣው?

በመፈለጊያው «ሰርቪስስ» ብለው ይክፈቱና የፕሮግራሙን ሰርቪስ ሁለቴ ይጫኑ፤ «ፓዝ ቱ ኤግዚኪዩተብል» የሚለው መስመር ቀደም ብለው ካገኙት አድራሻ ጋር መግጠም አለበት። በውስጡ ክፍተት ያለው አድራሻ በጥቅስ ምልክት ካልታጠረ፣ ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ «ፕሮግራም ነጥብ ኢኤክስኢ» የሚል ፋይል ካገኘ እሱን ቀድሞ ሊያስነሣ ይችላል፤ ሲ ድራይቭ አናት ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ካለ ይዩ። ቀጥሎ ሥራዎች በቀጠሯቸው በራሳቸው እንዲነሡ በሚያደርገው «ታስክ ስኬጁለር» ውስጥ የሥራውን «አክሽንስ» ያንብቡ። የባክአፕ ስም ይዞ ፓወርሼልን ትርጉም በሌለው ረጅም የፊደል ሰንሰለት የሚጠራ ሥራ ጤነኛ አይደለም። ሁሉንም ባንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ የሲስኢንተርናልስ ኦቶራንስ ይበቃል፤ የማይክሮሶፍቱን ደብቀው የቀረውን ያስሱ።

የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያም ለክፉ ሥራ ይውላል። ራንሰምዌር ፋይል ከመቆለፉ በፊት ቪኤስኤስአድሚን በሚባለው እውነተኛ የዊንዶውስ ፋይል ሻዶው ኮፒዎችን በሙሉ ያጠፋል፤ መመለሻ እንዳይኖር ነው። በኮማንድ ላይን ዓምድ «ዲሊት ሻዶውስ» የሚል ካዩና እርስዎ ካላዘዙት የፋይሉን ፊርማ ለመመርመር ጊዜ አያባክኑ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መጀመሪያ ባክአፕ ያለበትን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይንቀሉ፣ ቀጥሎ ዋይፋዩን ወይም ገመዱን ያቋርጡ። የፋይሎች ቅጥያ ዓይንዎ እያየ እየተለወጠ ከሆነ ፓወር ቁልፉን ይዘው ያጥፉት። ጊዜ ካለ ግን ፋይሉን ከማጥፋትዎ በፊት አድራሻውንና ሃሹን በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ካጠፉት በኋላ ምን እንደነበር ማወቂያ የለም። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ስካን ኦፕሽንስ»፣ «ኦፍላይን ስካን» ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይጀምር 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። የይለፍ ቃሎችን ከሌላ መሣሪያ ይለውጡ፤ የባክአፕ ፕሮግራሙ ውስጥ የተቀመጠውን የክላውድ ወይም የሰርቨር ይለፍ ቃል ጨምሮ። ፋይል ሲመልሱም አጠራጣሪው ፕሮግራም ከተጫነበት ቀን በፊት ካለው ባክአፕ ይመልሱ።

ማጣራቱ ፕሮግራሙን ነፃ ካወጣውና አንቲቫይረሱ አሁንም ካስቸገረ፣ በመጀመሪያ የዲፌንደርን (የዊንዶውስ የራሱን አንቲቫይረስ) መረጃ ያዘምኑ፤ የተሳሳተ ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ በቀጣዩ ዝማኔ ይታረማል። ካልታረመ «ኤክስክሉዥንስ» (ከፍተሻ ውጭ የሚደረጉ) ውስጥ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ያስገቡ፤ ፎልደሩን በሙሉ አያስገቡ፣ «ፕሮሰስ» የሚለውንም አይምረጡ፤ እሱ ፕሮግራሙ የሚከፍታቸውን ፋይሎች ሁሉ ከፍተሻ ውጭ ያደርጋል፣ ባክአፕ ደግሞ የማይከፍተው ፋይል የለም። ኤክስክሉዥኑ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ እንጂ ይዘቱን ስላልሆነ ነገ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ቢተካም ሳይፈተሽ ያልፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በተዘመነ ቁጥር ኤክስክሉዥኑን ያንሡና ፊርማውን እንደገና ይዩ።